ኪውጂኤስ፦ የልብን አቅም በቁጥር የሚናገር ሶፍትዌር ምን ያህል ይታመናል?

በደም ሥር የተሰጠ ጨረር አመንጪ መድኃኒት የሚፈነጥቀውን ጨረር በሚቀርጸው በጋማ ካሜራ የተነሡ የልብ ምስሎችን ለማስላት በየዕለቱ የምገለገልበት ኪውጂኤስ የተባለው ሶፍትዌር በሎስ አንጀለስ በሚገኘው ሲዳርስ-ሳይናይ የሕክምና ማዕከል በጊዶ ጀርማኖና በባልደረቦቹ የተሠራ ሲሆን፣ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሞ ይፋ ሆኗል። ሥራው የግራውን የታችኛ የልብ ክፍል ግድግዳ በራሱ ፈልጎ ማግኘት፣ በእያንዳንዱ የትርታ ደረጃ በውስጡ ያለውን የደም መጠን መለካትና ልብ በአንድ ትርታ ከያዘው ደም ስንት በመቶውን ገፍቶ እንደሚያስወጣ ማስላት ነው። ሐኪሞች ኢኤፍ የሚሉት ቁጥር ይህ ነው።

ትልቁ ብርታቱ ወጥነቱ ነው። ያንኑ ምስል አሥር ጊዜ ቢሰጡት፣ የሰው እጅ እስካልገባበት ድረስ አሥሩንም ጊዜ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የልብን ጠርዝ በእጁ የሚያሰምር ባለሙያ ግን ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ እንኳ ላይስማማ ይችላል። ይሁንና ወጥነት ትክክለኛነት አይደለም፤ ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ የሚያጎድል ሚዛንም ወጥ ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በትንንሽ ልቦች፣ በተለይም በቀጫጭን ሴቶች ልብ ላይ ነው። ልብ ሲኮማተር ግድግዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ፣ ረቂቁን ለይቶ ማየት የማይችለው ካሜራ መካከል ያለውን ክፍተት ከእውነቱ አጥብቦ ያሳየዋል። ሲሞላ 60 ሚሊ ሊትር፣ ሲኮማተር 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ልብ ኢኤፉ 75 በመቶ ነው፤ 15ቱ በብዥታው ምክንያት 9 ሆኖ ቢለካ ግን ውጤቱ 85 ይሆናል። ያው የ6 ሚሊ ሊትር ስሕተት ሲሞላ 160፣ ሲኮማተር 100 በሚይዝ የሰፋ ልብ ላይ ቢደርስ ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሰው ከ4 ነጥብ ባነሰ ነው። ስለዚህ ከትንሽ ልብ የወጣ 85 ሳይ ልቡ ብርቱ ነው ከማለት አልፌ ስለ መጠኑ አልከራከርም።

ሶፍትዌሩ ከሚቀበለው ምስል የተሻለ መሆን አይችልም። ካሜራው የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመስመር የሚያሳየውን የኢሲጂ ሹል ጫፍ እየጠበቀ እያንዳንዱን ትርታ ወደ 8 ወይም ወደ 16 ክፍል ስለሚከፍል፣ ምቱ የተዛባ ታካሚ ሲመጣ ክፍሎቹ ይደበላለቃሉ። በ8 የተከፈለው ምስል ደግሞ ልብ ይበልጥ የተጨመቀበትን ቅጽበት ስለሚያለዝበው፣ ኢኤፉን በ16 ከተከፈለው በ3 ወይም በ4 ነጥብ ያህል ያሳንሰዋል። እኔ ቁጥሩን ከማንበቤ በፊት የልቡን የደም መጠን መስመር አያለሁ፦ አንድ ጊዜ ወርዶ አንድ ጊዜ ካልወጣና እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ቁጥሩን አላምነውም። ከዚያ የልቡን ውጫዊ ገጽ የሚያሳየውን መረብ እያዞርኩ፣ ጠርዙ ከልብ አልፎ መድኃኒቱ የተከማቸበትን ጉበት ወይም አንጀት አቅፎ እንደሆነ አረጋግጣለሁ። አቅፎ ከሆነ የልቡን ወሰን በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ያ የተመሰገነው ወጥነት በከፊል ይቀራል።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት በሁለት ወር ልዩነት ከሁለት ማዕከላት ያገኟቸውን ውጤቶች ይዘው መጡ፤ አንዱ 33፣ ሌላው 38 ይላል። ወደ ልብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተከላ ለመሄድ በመመሪያ ከሚታዩት መስፈርቶች አንዱ 35 እና ከዚያ በታች መሆኑ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። ጥሬ ምስሎቹን አስመጥቼ ሳይ 33 ያለው በ8 ተከፍሎ በኪውጂኤስ፣ 38 ያለው በ16 ተከፍሎ በሌላ ሶፍትዌር የተሠላ ነበር፤ የየሶፍትዌሩ ቁጥር ደግሞ አንዱ በሌላው ቦታ የሚተካ አይደለም። 16ቱን ክፍሎች ሁለት ሁለቱን ደምሬ 8 ካደረግሁ በኋላ በኪውጂኤስ ሳሠላው 34 ወጣ። የአባትየው ልብ በሁለት ወር ውስጥ አልተሻሻለም፤ የተለወጠው አለካኩ ነበር። ሪፖርቱን ስጽፍ የሶፍትዌሩን ስምና የክፍሎቹን ብዛት ከቁጥሩ ጎን አሰፈርኩ፤ 8 ክፍል ደግሞ ቁጥሩን ወደ ታች እንደሚጎትት ለሐኪሙ ስነግራቸው ከመወሰናቸው በፊት አባትየውን ለኤምአርአይ ላኳቸው።