ሜልፓ ወይስ ሜልፓ ስቴብል፦ የኢማክስ ፓኬጅ ከየት ይጫን?

ኢማክስ ጽሑፍና ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። ተጨማሪዎቹ፣ ማለትም ፓኬጆቹ፣ ከኢንተርኔት ማከማቻዎች ይጫናሉ፤ ሜልፓና ሜልፓ ስቴብል ከእነዚህ ማከማቻዎች ሁለቱ ናቸው። ማጊት የሚባለውን፣ ጊትን (የኮድ ለውጥ መከታተያውን) ከኢማክስ ውስጥ ለመጠቀም የሚያገለግለውን ፓኬጅ እንውሰድ። 3.3.0 ስሪቱ የወጣው በ2021 ነው። ቀጣዩ 4.0.0 የመጣው በ2024 ነው። በመሃል ሥራው አልቆመም፤ ማስተካከያው ይጎርፍ ነበር። ሜልፓን የሚጠቀም ሰው በየጊዜው ሲደርሰው፣ ሜልፓ ስቴብልን የመረጠው ሦስት ዓመት ገደማ ጠበቀ።

ነገሩ ከአሠራራቸው ይመጣል። ሜልፓ የመጨረሻውን ኮሚት (በኮዱ ላይ የተመዘገበውን ለውጥ) ወስዶ ይጠቀልላል፤ የስሪት ቁጥሩም እንደ 20240115.930 ያለ ቀንና ሰዓት ነው። ስቴብል የሚወስደው ግን ደራሲው ታግ ያደረገውን፣ ማለትም የስሪት ቁጥር ሰጥቶ ምልክት ያደረገበትን ብቻ ነው። ታግ ከሌለ ፓኬጁ እዚያ ጭራሽ አይገኝም።

“ስቴብል” ሲባል ተፈትኖ ያለፈ ይመስለናል። እዚህ ግን ፈታኝ የለም። ደራሲው አንድ ቀን ታግ አደረገ፣ በቃ። ብዙ ፓኬጆች በትርፍ ጊዜ የሚሠሩ ናቸው። ደራሲው ባጉን (የኮዱን ስህተት) ያስተካክልና አዲስ ታግ ማውጣቱን ይተወዋል። ተጠቃሚው ድሮ የተፈታ ችግር ይዞ ይንገላታል፤ ሪፖርት ሲያደርግም “አዲሱ ላይ ተስተካክሏል” ይባላል። በጣም ያሳዝናል፤ የሁለቱም ጊዜ ይባክናል። በዚያ ላይ አንድ ፓኬጅ የሌላውን አዲስ ስሪት ከፈለገና ያኛው ታግ ካልወጣለት፣ ከስቴብል መጫኑ እዚያው ላይ ይቆማል።

ሜልፓም ጣጣ አለው። የተበላሸ ኮሚት በሰዓታት ውስጥ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል። የድሮውን ስሪት ስለማያስቀምጥ መመለሻ የላችሁም። ስለዚህ አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት የተጫኑት ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ኤልፓ (elpa) የሚባለውን ፎልደር ኮፒ አድርጉ። እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት።

ሜልፓንና ስቴብልን አንድ ላይ ማብራት ብዙም አይጠቅምም። 20240115 ከ4.0 ስለሚበልጥ ሜልፓ ሁሌ ያሸንፋል። ከኢማክስ 25 ወዲህ ግን ለማከማቻዎቹ ቅደም ተከተል መስጠት ይቻላል።

ጂኤንዩ ኤልፓ የሚባለው ማከማቻ ሌላ አማራጭ ነው። አዲስ ስሪት የሚያወጣው ደራሲው የስሪት ቁጥሩን ሲቀይር ነው፤ የድሮዎቹንም ያስቀምጣል። ደራሲዎች የቅጂ መብታቸውን ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንዲያስተላልፉ ስለሚጠይቅ ግን ፓኬጆቹ ከሜልፓ በጣም ያንሳሉ። ኖንጂኤንዩ ኤልፓ ይህን አይጠይቅም፤ ከኢማክስ 28 ጀምሮ በርቶ ይመጣል።

የእኔ ምርጫ? ኢማክስ እንጀራችሁ ከሆነና ሥራ መሃል ላይ መሰበር የማይታሰብ ከሆነ፣ ሁለቱን ኤልፓዎች አስቀድሙ፤ እዚያ የጠፋውን ብቻ ከሜልፓ አምጡ። ለሌላው ሰው ሜልፓ ይሻላል። ስቴብልን ግን ለሁሉም ፓኬጅ አታብሩት። ደራሲው ቶሎ ቶሎ ታግ የሚያወጣለትን ፓኬጅ ብቻ መርጣችሁ እዚያ ላይ ፒን አድርጉት፤ ማለትም ከስቴብል ብቻ እንዲመጣ እሰሩት። ከዚያ በፊት የመጨረሻው ታግ መቼ እንደወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ኮሚት እንደገባ እዩ። ታጉ የሁለት ዓመት ሆኖ መቶ ኮሚት ካለፈው፣ ከሜልፓ ጫኑት።