ቱሉ ዲምቱ ላለው ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

ለደንበኞቻችሁ በስልክ ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የምትልኩ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። በአደባባይ ሳላመሰግነው ማለፍ አልፈልግም።

እኛ እዚሁ ሰፈር የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን። መልመጃውን፣ የመምህራኑን ቪዲዮና የልጆቹን ውጤት ለወላጅ እንልካለን። የወላጁ ስልክ ግን አይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ አዲስ ሳምሰንግ ይይዛል፣ ሌላው ስክሪኑ የተሰነጠቀ የቆየ ቴክኖ፣ አንዳንዷ እናት ደግሞ ያላት ቁልፍ ያለው ኖኪያ ብቻ ነው። ቀደም ብለን ያሠራነው አፕ አዲሱ ላይ ያምራል፣ ቆየት ያለው ላይ ጭራሽ አይከፈትም። ያማከርናቸው ሰዎች "ወላጆች ስልክ ይቀይሩ" አሉን። በዚህ ኑሮ?

ይህ ልጅ ዋጋ ሳይናገር በፊት ወላጆች ሲመጡ በር ላይ ቆሞ፣ እያስፈቀደ፣ ድረ ገጻችንን በየስልካቸው ከፍቶ አየ። የስልኮቹን ሞዴልም መዘገበ። አንድ አባት ስልክ ላይ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መልመጃ ሲከፈት አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ፣ የሚነበቡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። ቀፎው የግዕዝ ፎንት የለውም።

የሠራልን ሚድልዌር ይባላል፤ በሰርቨራችን (መልመጃዎቹ በተቀመጡበት ኮምፒውተር) እና በስልኩ መሃል የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። እኛ መልመጃውን አንዴ ብቻ እንጭናለን። ብሮውዘሩ፣ ማለትም ስልኩ ላይ ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ገጽ ሲጠይቅ ዩዘር ኤጀንት የሚባል ማንነቱን የሚናገር መስመር አብሮ ይልካል፣ የትኛውን የምስል ዓይነት እንደሚቀበልም ይገልጻል፤ ፕሮግራሙ ይህን አንብቦ ለዚያ ስልክ የሚሆነውን ያቀርባል። ፎቶው በስክሪኑ ልክ ያንሳል፣ ዳታ አይበላም። ፎንት ለሌለው ቀፎ ጽሑፉ ምስል ሆኖ ይሄዳል። ኦፔራ ሚኒ በሚባለው ዳታ ቆጣቢ ብሮውዘር ለሚገባ ቀለል ያለ ገጽ ይወጣል። ቪዲዮው አፕል በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤችኤልኤስ በሚባል አሠራር በተለያየ ጥራት የጥቂት ሰከንድ ቁርጥራጭ ሆኗል፤ ኔትወርኩ ሲደክም ጥራቱ ዝቅ ይላል እንጂ ቪዲዮው አይቆምም። አንዴ የተዘጋጀው ስለሚቀመጥ ተመሳሳይ ስልክ ሲመጣ ሥራው አይደገምም፣ ለዚህም ትንሽ ሰርቨር በቃን።

ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ግን ኖኪያ የያዙት እናቶች ጉዳይ ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ፤ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለትና ሦስት ይቆጠራል። ስለዚህ የልጁን ስም፣ ትምህርቱንና ውጤቱን ብቻ አስገብቶ በአንድ መልእክት እንዲሄድ አደረገው። ፊደላችንን ለማያሳይ ቀፎ ያንኑ አማርኛ በላቲን ፊደል ይልካል። አሁን ውጤት ሲወጣ እነሱም ከሌላው ወላጅ እኩል ያውቃሉ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው!

ዋጋውን አስቀድሞ ጽፎ ሰጠን፣ መሃል ላይ "ጨምሩልኝ" አላለም። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ የቆመ ጊዜም በምሽት መጥቶ አስነስቶልናል። እጅህ ይባረክ ወንድሜ!

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላስቀምጥም፣ ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ደንበኞቻችሁ ምን ዓይነት ስልክ እንደሚይዙ ግን አጣርታችሁ ጠብቁት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።