ለተጎታች ፍሬን የትኛው ኮንትሮለር ይሻላል? ቁልቁለት ለሚበዛበት ወሎ

ከደሴ ኮምቦልቻ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ግን መንገዱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በመካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ጭነት ይዞ የወረደ ሹፌር ነገሩን ያውቀዋል። ፒካፑ ፍሬን ቢይዝም ተጎታቹ ከኋላ ይገፋል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተጎታች የገዛ ሰው ፒካፑ ውስጥ ኮንትሮለር፣ ማለትም ለተጎታቹ ፍሬን ኃይል የሚልከውን መሣሪያ፣ መግጠሙ ግድ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ሁለት ዓይነት ነው።

አንዱ በጊዜ የሚሠራው ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ቀድማችሁ የሞላችሁለትን ኃይል ቀስ እያለ ይልካል። ፔዳሉን ነካ ብታደርጉትም እስከ ታች ብትረግጡትም ለእሱ አንድ ነው። ዋጋው ቀለል ይላል። በፈለጋችሁት አቅጣጫ ይገጠማል።

ሌላው ሴንሰር ያለው ነው። መኪናው ምን ያህል በኃይል እንደያዘ ይለካና ለተጎታቹም በዚያው ልክ ይልካል። ድንገት በግ መንገድ ሲገባና አጥብቃችሁ ስትይዙ ተጎታቹም አብሮ አጥብቆ ይይዛል። ኩርባ ላይ ለስለስ ስታደርጉ እሱም ይለሰልሳል። የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። ዋጋው ግን ይወደዳል፣ አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመኪናው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ ሴንሰሩ ይሳሳታል።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። እህል፣ የውኃ ታንከር ወይም መውቂያ ማሽን እየጎተታችሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ የምትመላለሱ ከሆነ ሴንሰር ያለውን ግዙ። በጊዜ የሚሠራውን ለከባድ ጭነት ከሞላችሁት፣ ባዶውን ስትመለሱ የተጎታቹ ጎማ ይቆልፋል። ቆቦ ሜዳ ላይ ቀላል ተጎታች ብቻ ለሚጎትት ግን ርካሹ ይበቃል። የትኛውንም ብትገዙ ተጎታቹን ብቻ በእጅ የሚያስይዝ ማንሻ እንዳለው እዩ። ተጎታቹ ግራና ቀኝ ሲዋልል የሚያድነው እሱ ነው።

የሽቦው ሥራ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አብሽሩ፣ አያስፈራም። በተለመደው የቀለም አሰጣጥ አራት ሽቦዎች አሉ። ጥቁሩ በሰርኪዩት ብሬከር (ኃይል ሲበዛ በሚያቋርጠው) አልፎ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይገናኛል፤ ለአንድ አክስል 20 አምፔር፣ ለሁለት አክስል 30። ነጩ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይታሰራል። ቀዩ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ኃይል ከሚያገኘው የፔዳል ስዊች ሽቦ ጋር ይገናኛል። ሰማያዊው ወደ ኋላ ሄዶ ባለ 7 ፒን ሶኬቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የተጎታቹን ፍሬን ወደሚያስይዙት ማግኔቶች።

እዚህ ላይ አትቆጥቡ። አንድ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ስለሚስብ፣ አራት ጎማ ላይ ፍሬን ካለ 12 አምፔር ያልፋል። ቀጭን ሽቦ ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ጥቁሩንና ሰማያዊውን ለአንድ አክስል 4፣ ለሁለት አክስል 6 ካሬ ሚሊ ሜትር አድርጉት። የተጎታቹን ኔጋቲቭ ደግሞ ለመጎተቻው ኳስ አትተዉት፤ ዝገትና ግሪስ ያቋርጡታል። በሶኬቱ በኩል የራሱ ሽቦ ይኑረው።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማንሻውን ያዙና ኃይሉን አስተካክሉ። ጎማው ሊቆልፍ ሲል ትንሽ ቀነስ አድርጉለት። ጭነት ሲቀየርና ጠጠር መንገድ ስትገቡ እንደገና አስተካክሉ። ከሐረጎ ወርዳችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ ተጎታቹ ጎማ ጠጋ አድርጉ፤ እንዳትነኩት። የፒካፑ ጎማ እየጋለ የተጎታቹ ከቀዘቀዘ ፍሬኑ አልሠራም ማለት ነው። በከባድ ማርሽ መውረድ ግን በሁለቱም ኮንትሮለር አይቀርም። የተጎታቹ ፍሬን ታምቡር ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል።

በአይሱዙ የጭነት መኪና ለመጎተት ያሰባችሁ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቱን እዩ። እነሱ በብዛት 24 ቮልት ናቸው፤ የተለመዱት ኮንትሮለሮችና ማግኔቶች ደግሞ የተሠሩት ለ12 ነው።