«ፋሸታ ብቻ ናት» ብሎ ስኖውሞቢል ከሚሸጥላችሁ ሰው ተጠንቀቁ

ያገለገለ ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ፣ በጎማ ሰንሰለት የሚሄድ ማሽን) ልትገዙ ከሆነና ሻጩ «አልፎ አልፎ ትንሽ ኩላንት ትጨምርበታለህ እንጂ ሌላ እንከን የለበትም» ካላችሁ (ኩላንት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ነው)፣ ገንዘቡ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ይህችን አንብቡ። እኔ ይህንኑ ቃል ሰምቼ፣ ራሴን ነቅንቄ ገዛሁ። የብርዱን ወራት በበረዶ ላይ ስጋልብ አሳልፋለሁ ያልኩት ሰው፣ መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ጠብታ ስፈልግ ከረምኩ።

የግዢውን ቀን ልንገራችሁ። ስደርስ ማሽኑ ተነሥቶ እየሠራ ነው። «በብርድ እንዳትቆምብኝ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩህ» አለኝ። ጨዋነት መሰለኝና አመሰገንኩት። ኮፈኑን ከፈትን። ከሞተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ ገበታ እንደ ምግብ ሳህን ታጥቦ ያብረቀርቃል። ይህንንም ለንጽሕናው ቆጠርኩለት። የኩላንቱ ዕቃ እስከ ላይኛው መስመር ሞልቷል። «ትንሽ ትንሽ ያጎድላል፤ ግን ፋሸታ ብቻ ናት ወንድሜ፣ በካቻቢቴ ሁለት ዙር ብታጠብቃት ያበቃል» አለ። (ፋሸታ ቱቦን ከጫፉ አጥብቃ የምትይዝ የብረት ቀለበት ናት።) ወደ ኋላ ዞር ስል የጎማ ሰንሰለቱ ላይ በመደዳ የተበሱ ባዶ ቀዳዳዎች አየሁ። ምንድን ናቸው አልኩት። «ግግር በረዶ እንዲቆነጥጥ የብረት ሹል ነበረበት፤ ከበደኝና አወለቅኩት።» ከበደኝ ካለ ከበደው ነው ብዬ ወደ ዋጋው ሄድን። እነዚያን ቀዳዳዎች አትርሷቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። ሁሉ ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን የማውቀው ለሌላ ሰው ስናገረው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ ትንሽ ላብራራ፤ የተታለልኩት ይህን ባለማወቄ ነውና። መኪና ከፊቱ ራዲያተር አለው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ስኖውሞቢል ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ያለ ራዲያተር የለውም። ሙቀቱን የሚያወጣው ሰንሰለቱ በሚዞርበት፣ ተነል በሚሉት የአሉሚኒየም ዋሻ ጣሪያና ግንባር ላይ በተገጠሙ፣ ውስጣቸው ባዶ በሆኑ ማቀዝቀዣዎች ነው። ኩላንቱ በሆዳቸው ያልፋል፤ ሰንሰለቱ የሚወረውረው በረዶ ከውጭ እየተለጠፈባቸው ያበርዳቸዋል። በጠጣር ግግር ላይ ብዙ ሲነዱት የሚግለውም ለዚህ ነው፤ የሚረጭለት ለስላሳ በረዶ ያጣል። እንግዲህ ኮፈን ከፍቶ ማየት የሥርዓቱን ግማሽ ብቻ ማየት ነው። ሌላው ግማሽ ከሰንሰለቱ በላይ፣ ተጎንብሶ እንኳ በማይታይ ቦታ ተደብቋል። (በአየር ማራገቢያ የሚቀዘቅዙት ማሽኖች ኩላንት የሚባል ነገር የላቸውም፤ የእነሱ ባለቤቶች እፎይ ብላችሁ እለፉ።)

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት እርግጥ ፋሸታ ማጥበቅ ነው። አንዷን ሳይሆን ያገኘኋቸውን ሁሉ። ኩላንት ሞልቼ ወጣሁ፤ ተመልሼ ሳይ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ለሻጩ ደወልኩ። «አየር ነው፤ አየሩ ሲወጣ መጠኑ ይወርዳል» አለኝ። እዚህ ላይ ውሸት አልነገረኝም፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሥርዓቱ ተከፍቶ ሲሞላ አየር ይቀርበታል፤ አምራቹ በመመሪያው በሚለው መንገድ ማሽኑን አዘንብሎ፣ ማስተንፈሻ ብሎኑን ላላ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይጎድልና ይቆማል። በአራተኛው ጉዞም ከጎደለ አየር አይደለም። ቴርሞስታቱ (የኩላንቱን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ) አጠገብ ያለችውን ብሎን ከፍቼ፣ አረፋው አልቆ ቀጥ ያለ ፈሳሽ እስኪወጣ ጠብቄ ዘጋሁ። በማግስቱም ጎደለ።

ጠብታ ፍለጋው እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። ስኖውሞቢልን የሚያስቸግረው ሁሌም እርጥብ መሆኑ ነው። ከጉዞ ሲመለስ ሥሩ ሁሉ በረዶ ነው፤ ሲሟሟ ወለሉ ኩሬ ይሆናል። ከዚያ ኩሬ መካከል የትኛው ኩላንት እንደሆነ ማን ይለያል? ነጭ ካርቶን አነጠፍኩ፤ ካርቶኑ በአንድ ሌሊት ገንፎ ሆነ። በኋላ የገባኝ ዘዴ ይህ ነው፦ በረዶው ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ማሽኑ ደርቆ ካደረ በኋላ ነው ካርቶን የሚነጠፈው። የበረዶ ውሃ ይደርቃል፤ ኩላንት ግን ቶሎ አይደርቅም፣ በጣትና በጣት መካከል ያሙለጨልጫል፣ ሲቆይም በፋሸታዎቹ ዳር ነጭ ወይም ቀለም ያለው ቅርፊት ይተዋል። የታጠበ ገበታ የሚያስጠረጥረውም ለዚህ ነው፤ ማስረጃው አብሮ ታጥቧል። ጣፋጭ ሽታ አለው ብላችሁ ደግሞ በምላስ እንዳትሞክሩት። ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታልና የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ጨመቅኳቸው። የደረቀ ጎማ ሲጨመቅ ይንጫጫል፣ ጫፉ ላይም ስንጥቅ ያሳያል። ሁለት ቀየርኩ። ብዙ ሰው የሚረሳቸውን፣ ካርቡራተሩን ለማሞቅ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎችም አየሁ። የውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም በመስታወት ተመለከትኩ፤ ያቺ ቀዳዳ ሆነ ተብላ የተተወች ናት፣ የፓምፑ ማሸጊያ ጎማ ሲበላሽ በእሷ ያንጠባጥባል። ደረቅ ናት። ከዚያም በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ማቅለሚያ ኩላንቱ ውስጥ ጨምሬ፣ ነድቼ ተመልሼ፣ ጨለማ ውስጥ መብራቱን ይዤ ዞርኩ። ምንም! ሞተሩ አካባቢ አንዲት የምታበራ ነጥብ የለችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴን ባር ባር አለው፤ ኩላንቱ ይጠፋል፣ የትም የለም።

በመጨረሻ ያዳነኝ የግፊት መፈተሻ ፓምፕ ነው። በእጅ የሚነፋ፣ ጌጅ ያለው፣ በኩላንቱ ክዳን ፋንታ የሚገጠም ቀላል ዕቃ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው የግፊት ልክ አለ፤ የእኔ 0.9 ባር ይላል። ከዚያ በላይ መንፋት ደህናውንም ማፈንዳት ነው። ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው፦ ማሽኑ ውጭ ብርድ ላይ አድሮ፣ በማለዳ፣ ሳይነሣ። ብረትና ጎማ በብርድ እኩል አይኮማተሩም፤ ሲሞቅ ድፍን የሚል መገጣጠሚያ በብርድ ይከፈታል። አሁን «አሙቄ ጠበቅኩህ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይገባችኋል።

0.9 ላይ አቆምኩት። በ10 ደቂቃ ጠቋሚው ወደ 0.6 ወረደ። ገበታው ደረቅ፣ ቱቦዎቹ ደረቅ። ጸጥ ብዬ ሳዳምጥ ከወደ ተነሉ ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። የማሽኑን ጅራት አንሥቼ፣ በደንብ አስደግፌ፣ ከሥር ገባሁ። ሰንሰለቱ ወደ ፊት ዞሮ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከግንባሩ ማቀዝቀዣ ላይ አንዲት አረንጓዴ ጠብታ አበጠች፣ ተንጠለጠለች፣ ወደቀች። የወደቀችው ሰንሰለቱ ላይ፣ ከእነዚያ ባዶ ቀዳዳዎች በአንዱ አፋፍ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። ሹሎቹ የወለቁት ከብደው አይደለም። ሰንሰለቱ ላልቶ ወይም ሹሎቹ ከልክ በላይ ረዝመው፣ በዞሩ ቁጥር ማቀዝቀዣውን ሲፍቁት ኖረው በስተመጨረሻ በስተውታል። ጥቁሩን ቀለም በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ፤ ከሥሩ ግራጫ ማጣበቂያ፣ በማጣበቂያው ላይ የሞረድ ጭረት በግልጽ ይታያል። ሰው ቁጭ ብሎ ለፍቶበታል። ደፍኖ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሹሎቹን ነቅሎ፣ ከዚያ «ፋሸታ ናት» አለኝ። ማቅለሚያውም ያልታየኝ ለዚሁ ነው፤ እዚያ የሚያፈሰውን በረዶው እያጠበ፣ ሰንሰለቱ እየጠራረገ ከኋላዬ ሲበትነው ነበር።

ይሄ በቀላሉ የሚቀየር ዕቃ ይመስላችሁ ይሆናል። የግንባሩ ማቀዝቀዣ በብዙ ማሽኖች ላይ የአካሉ አንድ ክፍል ነው፤ በሪቬት ወይም በብየዳ ተይዟል። እሱ ጋር ለመድረስ ሰንሰለቱ፣ የሚያዞረው ዘንግ፣ አንዳንዴም ሞተሩ ራሱ ይወርዳል። ብየዳም ቢሆን በኩላንት የተነከረ ስስ አሉሚኒየም ላይ በደንብ ካልጸዳ አይዝም።

በዚህ አላበቃም። ኩላንቱን ሳፈስ ቡናማ ደቃቅ ነገር ከታች ዘቅጦ አገኘሁ፦ ፍሳሽ ይደፍናል እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት። የሚደፍነው ግን ቀዳዳዋን ብቻ አይደለም፣ ቀጫጭኖቹን መተላለፊያዎችና ቴርሞስታቱንም ነው። የኩላንቱን ጥንካሬ ስለካው ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ሰውየው የጎደለውን ሁሉ በተራ ውሃ ሲሞላው ኖሯል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኤቲሊን ግላይኮልና የተጣራ ውሃ እስከ ከዜሮ በታች 37 አካባቢ ይቋቋማል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ ቢረጋ ብረቱን ይሰነጥቃል። (ንጹሕ ግላይኮል ብጨምር ይሻላል የሚል ካለም ተሳስቷል፤ ብቻውን ሲሆን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል።) ጥቂት ብርዳማ ሌሊቶች ብቻ ነበሩ ከተሰነጠቀ ሞተር የለዩኝ።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ቀድማችሁ ደውሉና «እኔ ሳልመጣ አታስነሣው» በሉ። ደርሳችሁ ሞተሩን በእጅ ዳስሱት። ሞቆ ካገኛችሁት ነገ በጠዋት እመለሳለሁ በሉ፤ ገዢ ሌላ አለኝ ካለ ይሽጥለት። የግፊት ፓምፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ በቀዝቃዛው ግጠሙት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። እንዳይነፋ የሚከለክል ሻጭ መልሱን ነግሯችኋል። ግፊቱ ሳይወርድባችሁ ካንዴላዎቹን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አስፈቱ። እንደታጠበ ነጭ ሆኖ የጸዳ ካንዴላ ካለ ወይም ሞተሩ ሲዞር ከካንዴላው ቀዳዳ እርጥብ ጭጋግ ከወጣ፣ ኩላንቱ በቴስታታው (በሲሊንደሩ ክዳን) ማሸጊያ አልፎ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ይሄኛው ከእኔ የባሰ ነው፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ኩላንት ወደ ታች ወርዶ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች ያዝጋል። በባለ አራት ምት ደግሞ የዘይት መለኪያውን ሳቡ። ወተት የመሰለ ዘይት ያስጠረጥራል፣ ምንም እንኳ አጫጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ ማሽን ላይ እርጥበትም ትንሽ አረፋ ቢያሳይ። የኩላንቱን ክዳን ሞተሩ ግሎ ሳለ በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊት ላይ የሚፈነዳ ነው። ከዚያ ተጎንበሱና ከተነሉ ሥር በባትሪ እዩ። ሹል ያለው፣ ወይም እንደ እኔው ሹል የነበረው ማሽን ከሆነ ጭረት፣ ትኩስ ቀለም፣ የማጣበቂያ እብጠት ፈልጉ። ያረጀ ማሽን ላይ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ምን ይሠራል?

ፍሳሹ በእርግጥ ፋሸታ ከሆነስ? ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ፋሸታ ነው። እንዲያ ከሆነ ሻጩ አጥብቆ፣ በግፊት አስፈትሾ ያሳያችሁ። ሁለት ዙር ካቻቢቴ ነው ያለው ራሱ አይደል? ያን ሁለት ዙር ለምን ለእናንተ እንዳስቀረው ጠይቁት።

እኔ ፎቶውን ላክሁለት፤ የተላጠውን ቀለም፣ ማጣበቂያውን፣ የሞረዱን ጭረት። «እኔም ስገዛው እንዲሁ ነበር» ብሎ መለሰና ስልኩን ዘጋ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ማቀዝቀዣውን ከተፈታታ ማሽን ላይ ባገኘሁት ቀየርኩት፤ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በስቼ ሳወጣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ትናንት ጠዋት በብርዱ ላይ 0.9 ነፍቼበት ገብቼ ቁርሴን በላሁ። ስመለስ ጠቋሚው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሰንሰለቱን ቀዳዳዎች ግን አልደፈንኳቸውም፤ አንድ ቀን ልሸጠው ብል ገዢው አይቷቸው እንዲጠይቀኝ።