ፍሬኗ የማይችላትን ጎልፍ ካርት እንዳትገዙ

ሰላም ወገኖቼ፣ የደሴም የኮምቦልቻም። ሰሞኑን በደላላ በኩል ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርቶች እየቀረቡልን ነው። ቮልስዋገኑን ጎልፍ አይደለም የምለው። ሪዞርትና ትልልቅ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንግዳና ሻንጣ የምታመላልሰውን፣ በር የሌላትን ትንሿን መኪና ነው። ለሠርግ ግቢ፣ ለሎጅ ወይም ለመጋዘን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቤንዚን ተወዷል፣ ሰልፉም ያሰለቻል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ኤሌክትሪክ የተባለ ነገር ሁሉ ፈላጊው በዝቷል። ይህን አይተው ያለቀለትን ዕቃ ቀለም ቀብተው፣ ወንበር በይደው፣ "ሞዲፋይ ሆኗል" ብለው የሚያቀርቡ ሰዎች ናቸው የሚያናድዱኝ።

አክስቴ ገራዶ አካባቢ ሠርግና ምርቃት የሚደገስበት ሰፊ ግቢ አላት። ከበሩ እስከ ድንኳኑ ዳገት ነው፣ አዛውንት እንግዶች ይቸገራሉ። ደላላ ያገናኛት ሻጭ "እትዬ፣ ይቺ ሊትየም ባትሪ ገብቶላታል፣ ስምንት ሰው ትጭናለች፣ በሰዓት 50 ትሄዳለች፣ ከኮምቦልቻ ተነስታ ሐረጎን ሳታርፍ ነው የምትወጣው" አላት። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣው ዳገት ነው። አምናው ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ከፈለች። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ስለሆነ "ና እስቲ እያት" ብላ የጠራችኝ ብሩ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ወንበሩን አንስቼ አየሁ። ሊትየም የሚባል ነገር የለም። የተደረደሩት ስድስት ባለ 8 ቮልት የአሲድ ባትሪዎች ናቸው። አራቱ ያረጁ፣ ሁለቱ አዲስ፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አዲስ ስቲከር ተለጥፏል። የባትሪው ዕድሜ የሚታወቅበት የፋብሪካ ምልክት ተፍቋል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በቁጥር ፖሉ ላይ፣ ማለትም ኬብሉ በሚታሰርበት ጫፍ ላይ ይመቱታል፤ ያ ቦታ በሞረድ ከተፈገፈገ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ፣ ተነስታችሁ ሂዱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበትን ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ ቴስተር አውጥቶ ባትሪውን ይለካላችኋል። "ይኸው 50.9 ቮልት፣ ሙሉ ነው" ይላችኋል። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ባለ 48 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሞልቶ አርፎ ሲለካ እዚያው አካባቢ ያሳያል። ግን ያረጀ ባትሪም አርፎ ሲለካ ደህና መስሎ ይታያል። የሚጋለጠው ጭነት ሲመጣበት ነው። ስለዚህ ሰው ጫኑባት፣ ዳገት አስወጧት፣ እየወጣችም ለኩ። ከ42 ቮልት በታች ከወረደች ወይ አልቋል ወይ ባዶ ነው፤ ሞልቶ የጀመረ ከሆነ ግን አልቋል። የአክስቴ ገና ከግቢው በር ሳትወጣ 40 ገባች። ስድስቱን አንድ በአንድ ስለካ አንዱ ከ6 ቮልት በታች ወርዷል። ባትሪዎቹ በተርታ ስለተያያዙ አንዱ ደካማ ሁሉንም ይጎትታል። አዲስና አሮጌ ቀላቅሎ የሚገጥም ሰው ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም፣ የሚሸጥበትን ቀን ብቻ ነው ያሰበው።

ሻጩ ሜዳ ላይ ካልሆነ አላስነዳም ካላችሁ እዚያው ተዉት። ደሴ ላይ ዳገት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

ቻርጀሩንም እዩት። እውነት ሊትየም ቢሆን ኖሮ ቻርጀሩ የራሱ መሆን ነበረበት። የተለመደው ባለ 51.2 ቮልት የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 58.4 ቮልት ድረስ ነው የሚሞላው፣ ቻርጀሩም ለዚያ የተሠራ መሆን አለበት። አብሮ የተሰጠን የአሲድ ባትሪ ቻርጀር ነው። ክብደትም ይናገራል፤ ስድስት ባለ 8 የአሲድ ባትሪ አንድ ላይ ወደ 170 ኪሎ ይመዝናል፣ ሊትየሙ ከዚያ በጣም ያንሳል። የባትሪ ውሃ የሚሞላበት ክዳን ያለው ነገር ደግሞ በምንም ተዓምር ሊትየም አይሆንም።

እስካሁን ያልኩት የገንዘብ ጉዳት ነው፣ ብር ይመለሳል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ የሕይወት ጉዳይ ነው።

እነዚህ ካርቶች፣ ክለብ ካርም በሉት ኢዚጎ ወይም ያማሃ፣ የተሠሩት ለጎልፍ ሜዳ ነው። ሣር ላይ ቀስ ብሎ ለመሄድ፣ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፍሬናቸው አብዛኞቹ ላይ ከኋላ ብቻ ነው። የፊት ጎማ ፍሬን የለውም። የኋላውም ታንቡር ነው፣ በካቦ የሚጎተት። ለተሠራበት ሥራ በቂ ነው። ሻጮቹ ግን ምን ያደርጋሉ? ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ቀይረው ፍጥነቱን እጥፍ ያደርጉታል፣ ትልልቅ ጎማ ይገጥማሉ፣ ከመሬት ከፍ ያደርጓታል፣ ከኋላ ወንበር በይደው ለአራት ሰው በተሠራች ላይ ስምንት ሰው ይጭናሉ። ፍሬኑን የሚነካው የለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ መዋጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱ ደግሞ ከዚያ ላይ ይደመራል። የአክስቴን ካርት የኋላ ጎማ ፈትቼ ስከፍተው የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ላይ ደርሷል። በዚህች ነው ሽማግሌዎች ሊመላለሱ የነበረው።

"ሐረጎን ትወጣለች" የሚለው ወሬማ ጭራሽ ያስቆጣኛል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም በጠመዝማዛ። ትወጣለች እንበል። የወጣችው መውረዷ አይቀርም። የከባድ መኪና ሹፌር ሐረጎን በማርሽ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ፍሬኑ እንዳይግል። ካርቷ ማርሽ የላትም። የቆዩት ሞዴሎች ብዙዎቹ ላይ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ሞተሩ አይዝም፣ ዝም ብላ ትንደረደራለች። ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚያርፈው ሁለቱ የኋላ ታንቡሮች ላይ ነው። ይግላሉ፣ ከዚያ መያዝ ያቆማሉ።

አዳዲሶቹ በሞተር ይይዛሉ፣ እሱ እውነት ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ ያዘገያታል። እዚህ ጋ ግን ሊትየም ለሚያስገጥሙ ሁሉ አንድ ነገር ላሳስብ። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመራችሁ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ የለውም። የባትሪው መከላከያ፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ራሱን ለማዳን ሊዘጋ ይችላል። ሲዘጋ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፣ ያውም ሳያስጠነቅቅ፣ ያውም መሃል ቁልቁለት ላይ። ሌሊቱን ደሴ ላይ ቻርጅ ሲያደርግ አድሮ ጠዋት ወደ ታች የሚነሳ ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው። ስለዚህ ባትሪ የሚገጥምላችሁን ሰው "ሞልቶ ቁልቁለት ስወርድ ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሥራውን አይስጡት።

ካርት በጭራሽ አትግዙ አላልኩም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ላለ ግቢ፣ ለፋብሪካ ወይም ለመጋዘን ጥሩ ዕቃ ናት። ቦዲው እምብዛም አያሳስብም፣ ዋናው ወጪ ባትሪው ነው፤ አዲስ ባትሪ ስንት እንደሚያስወጣ አስቀድማችሁ ጠይቁና ከተባለው ዋጋ ላይ ቀንሱት። ፍጥነቱን አታስነኩ። ገንዘብ ካላችሁ ለፍሬንና ለወፍራም ኬብል አውጡት፤ ቀጭን ኬብል ዳገት ላይ ይግላል፣ ጫፉ ላይ ያለውን ፕላስቲክ የቀለጠ ካገኛችሁት ብዙ ተሰቃይታለች ማለት ነው።

የተሠራችበትን ዓመትም ከሻጩ አፍ አትስሙ። ክለብ ካር ከሆነች ሴሪያሉ በፊደል ይጀምራል፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት ቁጥሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቷ ናቸው። የአክስቴ ላይ ሴሪያሉ የተጻፈበት ሳህን ተነቅሎ የሪቬት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ሻንሲ ቁጥር ከሌለ ሊብሬ የለም፣ ሊብሬ ከሌለ ታርጋ የለም። ታርጋ የሌላትን ይዞ አስፋልት መውጣት አይቻልም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ያለሱ ሰው ብትገጩ ዕዳው የራሳችሁ ነው። ለግቢ ብቻ ነው የምንገዛው ብትሉም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ካላሳየ አትቀበሉት።

ውሉ ላይ ደግሞ "ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ" የምትል አንዲት መስመር ትገባለች። አስወጧት። በምትኩ ሻጩ በአፉ ያለውን ሁሉ፣ ሊትየም ነው ካለ ሊትየም ነው ብላችሁ፣ ስንት ሰው እንደምትጭንም ጭምር በጽሑፍ አስፍሩና ያስፈርሙት።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አብሽሩ፣ ግን ቀን አታሳልፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ዕቃውን እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ለሻጩ ቶሎ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በስልክ ተጨቃጭቃችሁ አትተዉት፣ በጽሑፍ አድርጉት። እኛ ባትሪውን እየለካን ቪዲዮ ቀረጽን፣ የፍሬኑን ሸራ ፎቶ አነሳን፣ ጉድለቱን ዘርዝረን ለሻጩም ለደላላውም ሰጠን፣ አንዱን ቅጂ አስፈርመን ያዝን። ሻጩ መጀመሪያ ስልክ አላነሳም ነበር። ወረቀቱ ከደረሰው በኋላ በሽማግሌ እንጨርስ ብሎ መጣ። ካርቷን ወስዷል፣ ከብሩ ግማሹን መልሷል፣ የቀረውን ለመክፈል ፈርሟል።

አሁን ካርቷ እሱ ጋ ናት፣ መልሶ ለሌላ ሰው እንደሚያቀርባት አልጠራጠርም። ስለዚህ ምልክቷን ያዙ። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም በብሩሽ የተቀባች፣ የኋላ ወንበሯ በካሬ ብረት የተበየደ፣ በሹፌሩ በኩል የኋላ መብራቷ የባጃጅ መብራት የሆነ፣ የሴሪያል ሳህኗ የተነቀለ። ቀለሙን ሊቀይረው ስለሚችል ብየዳውንና የሪቬት ቀዳዳዎቹን እዩ።