ባለ አራት ቻናሉ የሙቀት መመዝገቢያ ከወራት በኋላ፦ ሽቦው አንደኛ፣ ሳጥኑ ግን አናዶኛል

«እስከ 1260 ዲግሪ ይለካል» አለኝ ሻጩ። ልክ ነው፣ ሽቦው ይለካል። ንባቡን የሚመዘግበው ሳጥንስ? እሱን አላነሳውም።

የገዛሁት ለኤርታሌ ነው። በ2009 ዓ.ም. ጥር ከተከፈተው ስንጥቅ በፈሰሰው ላቫ ውስጥ ኬ-ታይፕ ቴርሞካፕል (ሙቀትን በሚያመነጨው ጥቂት ቮልቴጅ የሚለካ የሽቦ ዓይነት) በተለያየ ጥልቀት ቀብሬ፣ ሙቀቱ ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ልከታተል። የላዩን ሙቀት ለማወቅ የኢንፍራሬድ መለኪያ ይበቃል፤ ነገር ግን ውስጡ ገና እየጋለ ቅርፊቱ ቶሎ ይጠቁርና ያታልላል። ሃዋይ ኪላዌያ ኢኪ የሚባል የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ በ1959 እ.ኤ.አ. የተጠራቀመው ላቫ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ስለነበረው ውስጡ እስኪጠነክር ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሽቦዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ አንድም አልተበጠሰብኝም። ችግሩ ግራፉ ላይ መጣ። ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ አራቱም መስመሮች አብረው ሽቅብ ይወጣሉ። 10 ሳንቲሜትር ላይ ያለውም፣ ግማሽ ሜትር ላይ ያለውም፣ እኩል! ይሄ በፍጹም አይሆንም። ድንጋይ ሙቀት የሚያሳልፈው እያዘገመ ነው። የቀትር ፀሐይ ሙቀት 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ያውም ከአሥር አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ። ግማሽ ሜትር ላይ ከናካቴው አይታወቅም ማለት ይቻላል።

ሳጥኑን በጨርቅ ጥላ ስሠራለት አራቱም ወዲያው ወረዱ። ላቫው ምንም አልሆነም፣ የጋለው ሳጥኑ ነው።

ቴርሞካፕል የሚናገረው በጫፉና ሳጥኑ ላይ በሚሰካበት ሶኬት መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ብቻ ነው፣ በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮቮልት ገደማ። የቀረውን ሳጥኑ የሶኬቱን ሙቀት በራሱ ሴንሰር ለክቶ ይደምርበታል። የኔው ሳጥን ጥቁር ነው፣ ሴንሰሩም ያለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ሶኬቶቹ ደግሞ ወደ ውጭ ወጣ ስላሉ ነፋስ ያገኛቸዋል። ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ከሶኬቶቹ በላይ ይግላል፣ ያ ትርፍ ሙቀት በሙሉ ንባቡ ላይ ይጨመራል።

ሻጩ «ጥላ ስር አስቀምጠው» ይለኝ ይሆናል። ወንድሜ፣ ዳናኪል ላይ የምን ጥላ? ለእሳተ ገሞራ የሚሸጥ ዕቃ ቢያንስ ነጭ ቀለም ይቀባ፣ ሴንሰሩም ሶኬቱ ላይ ይለጠፍ።

አሁን ፎም ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ራቅ አድርጌ፣ ድንጋይ ከልዬበት ነው የምሠራው። ማራዘሚያ ከፈለጋችሁ የዚያው የኬ-ታይፕ ሽቦ ይሁን፤ ተራ የመዳብ ሽቦ ከቀጠላችሁበት ስህተቱ ይብስበታል። የመጀመሪያዎቹን ወራት የከሰዓት ንባቦች በሙሉ ሰርዣለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሽቦውን ዛሬም እገዛዋለሁ። ሳጥኑን ግን በነጻ ቢሰጡኝም አልደግመውም።