ዶት ኮም ወይስ ዶት ኢቲ፦ የጎጃም ማር ስም ስንት ያወጣል?

የጎጃም ማር የሚል የድረ ገጽ ስም ስትገዙ ወይም ስትሸጡ መጨረሻው ዶት ኮም (.com) ወይም የኢትዮጵያው ዶት ኢቲ (.et) ሊሆን ይችላል። የዶት ኮም ገዢ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመዘገብ ስለኖረም ለዋጋ ማነጻጸሪያ የሚሆን የቀድሞ ሽያጭ ሞልቷል። የዶት ኢቲ ገዢ ግን እዚሁ አገር የሚሠራ ሰው ነው፤ ማነጻጸሪያውም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የስም ዋጋ በራሳቸው የሚገምቱ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ለዶት ኢቲ የሚሰጡትን ቁጥር አትመኑ። ዋጋውን የሚወስነው ስሙን የሚፈልጉት ነጋዴዎች ብዛትና አቅም ነው።

ዋናው ጣጣ ፊደሉ ላይ ነው። «ጎጃም» በላቲን በአንድም በሁለትም «ጄ» ይጻፋል (Gojam፣ Gojjam)። አንዱን ይዞ ሌላውን ለተፎካካሪ የተወ ሻጭ ሙሉ ዋጋ መጠየቅ የለበትም። ስሙን ለአምስት ሰው በስልክ ንገሩና አስጽፉ፤ ሦስቱ ከተሳሳቱ ዋጋውን ቀንሱ።

ዶት ኮም ዶት ኢቲ (.com.et) የሚለው መጨረሻ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ደንበኛ ኢሜይል ሲጽፍ የመጨረሻዋን «ኢቲ» ይዘላትና ደረሰኙ ዶት ኮሙን ለያዘው ሰው ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ዶት ኮሙ በማን እጅ እንዳለ እዩ።

ዝውውሩ ላይ ዶት ኮም ይቀላል፦ ሻጩ ስሙ እንዳይዛወር የሚያግደውን መቆለፊያ ይከፍታል፣ የማዘዋወሪያ ኮድ ይሰጣል፤ ስሙ እስኪዛወር ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቆያል። አዲስ የተመዘገበ ስም ግን 60 ቀን ሳይሞላው ወደ ሌላ መዝጋቢ (ስም መዝግቦ የሚሸጥ ድርጅት) አይዛወርም። እድሳቱ ብዙ ጊዜ በዶላር ነው፤ ካርድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ስሙን ያጣል። የዶት ኢቲ መዝገብ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ስለሆነ ክፍያው በብር ያልቃል።

ለባሕር ዳር ፔንሲዮን ዶት ኢቲ ይበቃል። ማር ወደ ውጭ ለሚልክ የቡሬ ነጋዴ ግን ዶት ኮሙን፣ ያውም በሁለቱም አጻጻፍ።